አተላው የት ይሄዳል?

የመመረቂያ ሥራዬን የሠራሁት በቡና ገለፈት ነው። ኬሚስትሪ የተማረ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። በየዩኒቨርሲቲው አንድ የተጣለ ነገር አክስሎ ውሃ የሚያጣራ ተማሪ አይጠፋም። አንዱ የሙዝ ልጣጭ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው የጤፍ ጭድ፣ ሌላው ከጫት ቤት የለመነውን ገረባ። ለእኔ የደረሰኝ ገለፈት ነበር። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ በነጻ አገኘሁ። አጠብኩት፣ አሰጣሁት፣ አሲድ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ ፈርነስ የሚባለው የላብራቶሪ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። መብራት ሄደ። በማግስቱ ደግሜ ከተትኩ። አሁንም ሄደ። በሦስተኛው ቀን ላብ ውስጥ አድሬ፣ ጣት ላይ እንደ ኩል የሚቀባ ጥቁር ዱቄት ወጣልኝ።

ዓላማው ክሮሚየምን ከውሃ ማውጣት ነበር፤ ያውም ክፉውን፣ ክሮሚየም ስድስት የሚባለውን። ውሃው ቢጫ ነው። ዱቄቱን ጨምሬ ሁለት ሰዓት አስናጥኩትና በማጥለያ ወረቀት አሳለፍኩት። ከሥር የወረደው የምንጭ ውሃ መሰለ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ። ለአማካሪዬ "ሙሉ በሙሉ ወጥቷል" ብዬ ልጽፍ ስል፣ ለካ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የላብራቶሪ ቴክኒሻን ከኋላዬ ቆመዋል። "ቆይ እስኪ" አሉ። ከውሃው ትንሽ ቀድተው የመመርመሪያውን ኬሚካል ሁለት ጠብታ ጣል አደረጉበት። ውሃው ሐምራዊ ሆነ። ሐምራዊ ከሆነ ክሮሚየሙ እዚያው አለ ማለት ነው።

"ዓይን ላብራቶሪ አይደለም" አሉኝና ሻያቸውን ይዘው መንገድ ጀመሩ። እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ ክሮሚየም የያዘውን ያገለገለ ከሰል ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኳቸው። ዞር ሳይሉ፣ "ሃይላንድ ውስጥ ክተተው፤ ስምህን ጻፍበትና ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠው። በኋላ ይታሰብበታል።"

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ፉኩሺማ ልጽፍ ተነስቼ ነው።

ማርች 11 ቀን 2011 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጃፓን ውስጥ ባሕሩ ተነስቶ የኑክሌር ማመንጫውን አጥለቀለቀው። ኤሌክትሪክ ጠፋ፣ የማቀዝቀዣ ፓምፖቹ ቆሙ፣ የሦስት ሪአክተሮች እምብርት ቀለጠ። የጋለውን ነገር ለማብረድ ሰዎቹ ያገኙትን ውሃ፣ የባሕሩን ጨዋማ ውሃ ሳይቀር፣ ረጩበት። የቀለጠውን ነዳጅ የነካ ውሃ ሁሉ ጨረር አመንጪ ነገር ይዞ ይወጣል። የከርሰ ምድር ውሃም እየሰረገ ይጨመርበታል። በ2023 ግቢው ውስጥ ከ1000 በላይ ትላልቅ ጋኖች ተደርድረው ወደ 1.3 ሚሊዮን ቶን ውሃ ይዘው ነበር። በኛ ሒሳብ 65 ሚሊዮን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን ብዛቱ አይደለም፤ የክፉው ነገር ማነስ ነው። ሲዚየም 137 የሚባለውን እንውሰድ። ከአንድ ግራሙ ውስጥ በየሰከንዱ ወደ 3.2 ትሪሊዮን አተም ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ጨረር ይተፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 10 ቤክሬል ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ በሰከንድ አሥር አተም ቢፈርስ ማለት ነው። ካፌ ቁጭ ብዬ ሶፍት ላይ ሒሳቡን ሠራሁት። አንዱ ግራም በ16 ቢሊዮን ጀሪካን ውሃ ቢበተን እንኳ እያንዳንዷን ጀሪካን ልክ መመሪያው ጫፍ ላይ ያደርሳታል። አስተናጋጇ ሶፍቱን ልትጥለው ስትል ቀማኋት።

እንግዲህ ይህችን ቅንጣት ነው ከውሃ ውስጥ አውጡ የሚባለው።

ማጥለል እንደማይሠራ ለመረዳት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ጠላ ሲጠለል አተላው ወንፊት ላይ ይቀራል፤ ወንፊት ላይ የሚቀር አካል አለው። ሲዚየም ግን ውሃ ውስጥ ያለው እንደ ጨው ሟሙቶ ነው። ጨው የበዛበትን ወጥ ስንት ጊዜ ብታጠልሉት ጨውነቱ አይወጣለትም። ስለዚህ የሚያስፈልገው እጅ ያለው ነገር ነው፤ ውሃው ሲያልፍ እየለየ ጨብጦ የሚያስቀር።

ከሰል እዚህ ጋ ይገባል።

በልጅነቴ ያሳሳተኝን ነገር ልንገራችሁ። የምንጽፍበትን እርሳስ "እርሳስ" የምንለው ውስጡ እርሳስ ስላለ ይመስለኝ ነበር። የለም። ውስጡ ግራፋይት ነው፤ ከሰል ራሱ የተሠራበት ካርቦን፣ ብቻ እንደ እንጀራ እየተነባበረ የተደረደረ። በሌላ በኩል እውነተኛው እርሳስ፣ ያ ከባዱ ብረት፣ ጨረር የሚጋረድበት ነው። ሆስፒታል ራጅ ስትነሱ የሚያለብሷችሁ ከባድ ሽርጥ እሱ አለበት። እኛ ጋ ሁለቱም አንድ ስም ይዘው ይኖራሉ። አንዱ ጨረሩን ይጋርዳል፤ የሌላው ዘመድ ደግሞ ጨረር አመንጪውን ከውሃ ይለቅማል።

በ2004 ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድሬ ጋይም እና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ከዚህ ግራፋይት ላይ በተራ ስኮች እየላጡ የአንድ አተም ውፍረት ያለው ሉህ ማውጣታቸውን አሳተሙ። ግራፊን የሚባለው እሱ ነው። በ2010 የፊዚክስ ኖቤል አገኙበት። የግራፊን አንድ ግራም ሁለቱም ፊቱ ሲቆጠር በስሌት 2630 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። ሦስት ግራም ብትዘረጉት የእግር ኳስ ሜዳ ሸፍኖ ይተርፋል። በገለፈቴ ስኩራራ የነበርኩት ሰውዬ ይህን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ።

ባዶው ግራፊን ግን ለዚህ ሥራ ብዙ አይረዳም። ውሃ አይወድም። እጅም የለውም። እጅ የሚያበቅሉለት በአሲድና በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ነው፤ ከ1958 ጀምሮ የታወቀ ዘዴ አለ። ጥቁሩ ግራፋይት አሲዱ ውስጥ ያብጣል፣ ሉሁ ከሉህ ይላቀቃል፣ በየፊቱና በየጠርዙ ኦክስጅን ይለጠፍበታል። ግራፊን ኦክሳይድ ይባላል። ውሃ ውስጥ ሲበተን ቀለሙ ብርዝ ነው የሚመስለው፤ ሳታውቅ ብታየው አንስተህ ልትጠጣው ትችላለህ። እነዚያ የተለጠፉት ኦክስጅኖች ናቸው እጆቹ። ውሃ ውስጥ አሉታዊ ሙል (ኔጋቲቭ ቻርጅ) ስለሚይዙ አዎንታዊ የሆነውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ዩራኒየም፣ ፕሉቶኒየም፣ አሜሪሲየም ውሃ ውስጥ ከባድ አዎንታዊ ሙል ይዘው ነው የሚንሳፈፉት፤ ኦክስጅንም ይወዳሉ። መጥተው ይጣበቃሉ።

ከዚያ የሚሆነው ነው ደስ የሚለኝ። አንዱ አተም ሁለት ሦስት ሉህ አንድ ላይ ይይዛል። ሉሆቹ ይሰባሰባሉ፣ ይጨማደዳሉ፣ ይጓጉላሉ። አሬራ እሳት ላይ ተጥዶ አይቡ ከአጓቱ ሲለይ አይታችሁ ከሆነ እንደዚያ ነው። ወጥ የነበረው ፈሳሽ ሁለት ይሆናል።

በ2013 ሂዩስተን ያለው ራይስ ዩኒቨርሲቲ የጄምስ ቱር ቡድንና የሞስኮ ሎሞኖሶቭ ዩኒቨርሲቲ የስቴፓን ካልሚኮቭ ቡድን ይህንን አብረው አሳዩ። የኑክሌር ዝቃጭ የሚመስል ውሃ አዘጋጁ። ዩራኒየምም ፕሉቶኒየምም አለበት፤ መንገድ ይዘጋሉ የሚባሉት ሶዲየምና ካልሲየምም ተጨምረውበታል። ግራፊን ኦክሳይዱ በደቂቃዎች ውስጥ ሥራውን ጨረሰ። ለዚህ ሥራ የተለመዱትን ቤንቶናይት ሸክላንና የተፈጨ የከሰል ማጣሪያን በለጠ። ዜናው ሲወጣ ከፉኩሺማ ሁለት ዓመት ብቻ አልፎት ስለነበር፣ ርዕሱ ሁሉ "የፉኩሺማ መፍትሔ ተገኘ" የሚል ነበር። እኔም አምኜ ለጓደኞቼ ሼር አድርጌያለሁ።

ችግሩ የፉኩሺማው ዋና ጠላት ፕሉቶኒየም ሳይሆን ሲዚየም መሆኑ ነው። ሲዚየም አንድ ሙል ብቻ ነው ያለው፤ ለእጁም የማይመች ልሙጥ ነገር ነው። ጸባዩ ከሶዲየምና ከፖታሲየም ጋር አንድ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ደግሞ ወደ 11 ግራም ሶዲየም አለ። መርካቶ መሐል በገና ዋዜማ ቆሞ አንድ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ሰው እንደመፈለግ ነው። ተራው ግራፊን ኦክሳይድ እጁን የሚዘረጋው ቀድሞ ለደረሰው ነው። እኛም ብንሆን አንለየውም። ሰውነታችን ሲዚየምን ፖታሲየም መስሎት ጡንቻ ውስጥ ያስገባዋል። ስትሮንሺየም የሚባለውን ሌላ ጨረር አመንጪ ደግሞ ካልሲየም መስሎት አጥንት ውስጥ ይገነባዋል።

ለሲዚየም የሚሆን እጅ ቀድሞ የተገኘው ባልተጠበቀ ቦታ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ቀለም ሲሠራ በስህተት የወጣ ሰማያዊ አለ፤ የፕሩሺያ ሰማያዊ ይሉታል። በውስጡ ያሉት ቀዳዳዎች ለሲዚየም የተለኩ ያህል ናቸው። በ1987 ብራዚል፣ ጎያኒያ ከተማ፣ ከተተወ ክሊኒክ የወጣ የሲዚየም ማሽን ሰዎችን ሲበክል ሐኪሞች ይህንኑ ቀለም ታማሚዎቹን አስዋጡ። ዛሬ ተመራማሪዎች እሱን ግራፊን ኦክሳይድና የካርቦን ናኖ ቱቦ (እንደ ቱቦ የተጠቀለለ ደቃቅ የግራፊን ሉህ) ላይ እየለጠፉ ይሞክሩታል።

የራይሱ ቡድንም ዝም አላለም። በ2017 ከሩሲያው ካዛን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከኮክ ከሰልና ካሬሊያ ውስጥ ከሚቆፈር ሹንጋይት የተባለ ጥቁር ድንጋይ ሌላ ነገር ሠራ። ኦክስጅን የተለጠፈበት ርካሽ ካርቦን፤ ሲዚየምንና ስትሮንሺየምን ይይዛል። ይህ ሥራ ከ2013ቱ ይልቅ ልቤን ነካኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ግራፊን ኦክሳይድ ከማነሱ የተነሳ ራሱን ከውሃው መልሶ መለየት ሌላ ሥራ ነው። አዲሱ ነገር ግን ደቃቅ ሉህ አይደለም፤ ቱቦ ውስጥ ሞልተህ ውሃውን ዝም ብለህ ታሳልፍበታለህ። አሥር ዓመት ናኖ ናኖ ሲባል ከርሞ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከሰል ሆነ። ያ ከሰል እንዴት እንደሚጨበጥ፣ እንዴት ጣት ላይ እንደሚቀር አውቃለሁ።

እንዲህም ሆኖ ስለ እጁ አሠራር ስናወራ፣ የሚወራው ስለ ውሃው ብቻ መሆኑን ያስተዋልኩት ኋላ ነው። ያውም ጠላ ሲጠመቅ።

እናታችን ቤት ድግስ ነበር። ጠላው ገና ሳይጠለል አንዲት ጎረቤት በር ላይ መጥታ "እትዬ፣ አተላውን ለማንም እንዳትሰጪብኝ" ብላ ሄደች። የሚወፍር ሰንጋ አላት። ባልዲውን ይዤ ያደረስኩላት እኔ ነኝ፤ መንገድ ላይ ሱሪዬ ላይ ተደፋ። ሰንጋው ከሩቅ ሽታውን አውቆ ገመዱን ይጎትታል። በኛ ሰፈር አተላ ከጠላው በፊት ባለቤት ያገኛል። ባልዲውን ሳወርድ የጋሼ ቁም ሳጥን ትዝ አለኝ።

ይኸኛውን አተላ ማን ይወስዳል? ክሎሪን ጀርም ይገድላል፤ እሳት ቆሻሻ ያቃጥላል። ጨረር አመንጪ አተም ግን ብታቀልጠው፣ ብትፈጨው፣ አሲድ ብታጠጣው ያው ነው፤ በራሱ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈርሰው። ሲዚየም 137 በ30 ዓመት ግማሹ ይቀራል። አሥር ጊዜ ግማሽ እስኪሆን፣ ማለትም ወደ አንድ ሺኛ እስኪወርድ፣ 300 ዓመት ይጠበቃል። ዐጼ በካፋ ጎንደር ላይ ሳሉ የታሸገ ማሰሮ ቢኖር ገና ዛሬ ዛሬ ክዳኑን ለመንካት የሚቃጣን ማለት ነው። ለፕሉቶኒየም 239 ግማሽ ዕድሜው 24,100 ዓመት ስለሆነ ንጉሥም ዘመንም አይገኝለትም።

ታዲያ "አወጣነው" ስንል ያደረግነው ነገር ከሰፊ ቦታ ወደ ጠባብ ቦታ ማዛወር ነው። ከ65 ሚሊዮን ጀሪካን በጣም ወዳነሱ በርሜሎች። አቃልዬ ለማየት አይደለም፤ ትልቅ ነገር ነው። በርሜል ይታጠራል፣ ባሕር አይታጠርም። ግን ከሰሉ በጎበዘ ቁጥር በርሜሉ ክፉ ይሆናል።

ፉኩሺማ ላይ ይህ በዓይን ታይቷል። በ2011 በዚያ ጭንቅ ጊዜ ሠራተኞች ዚዮላይት የሚባል ድንጋይና ከሰል በከረጢት እየሞሉ የሁለት ሕንፃዎች ምድር ቤት ውስጥ ደረደሩ። ብክለቱን እንዲጠጣ ነበር። ጠጣው። ከዓመታት በኋላ ሮቦት ወርዶ ሲለካ፣ ከረጢቶቹ ሰው አጠገባቸው አንድ ሰዓት ቢቆም ለሞት በሚያሰጋ መጠን ጨረር ይተፋሉ። አሁን ችግሩ ውሃውን ማጣራት ሳይሆን ከረጢቶቹን ማንሳት ሆኗል። አልፕስ የሚባለው ዋናው የማጣሪያ ሥርዓትም 62 ዓይነት ጨረር አመንጪ ነገር እንዲቀንስ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ጭቃና ያገለገለ ማጣሪያ በሺዎች በሚቆጠሩ ልዩ መያዣዎች ታሽጎ እዚያው ግቢ ተቀምጧል።

የካርቦን ወዳጆች እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነጥብ አላቸው። ድንጋይ አይነድም፤ ካርቦን ግን ይነድዳል። የጠገበውን ግራፊን ኦክሳይድ ብታቃጥለው የሚቀረው አመድ እፍኝ ነው። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ አላመንኩትም። ሲዚየም በከፍተኛ ሙቀት ይተናል። አንዴ ከውሃ ያወጣኸውን በጭስ መልክ ልታሳድደው ነው፤ ለጭሱም ሌላ ማጣሪያ፣ ለማጣሪያውም ሌላ አተላ። ካርቦኑ ራሱም የዋህ አይደለም። በ2008 አይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ረጃጅም የካርቦን ናኖ ቱቦዎች ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ የተባለ ማዕድን የሚያደርሰውን ዓይነት ጉዳት አሳይተዋል። ጣቴ ላይ እንደ ኩል ስቀባው የነበረው የገለፈት ዱቄት አይደለም ይሄ።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም እጅ አይዘውም፤ ትሪቲየም። ከባድ ሃይድሮጅን ነው፤ የውሃው አካል ሆኖ ስለሚገባ ውሃን ከውሃ መለየት ይሆናል። ኦገስት 24 ቀን 2023 ጃፓን ከትሪቲየሙ ጋር የተጣራውን ውሃ እያቀጠነች ወደ ባሕር መልቀቅ ጀመረች፤ በሊትር ከ1500 ቤክሬል በታች። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የትሪቲየም መመሪያ 10,000 ነው። ቻይና የጃፓን የባሕር ምግብ አገደች፣ ፌስቡካችንም አንድ ሳምንት ዓሣ መብላት እርም ነው አለ። በ2016 ጋይም ራሱ ያለበት ቡድን ተራውን የሃይድሮጅን ኒውክለስ ከከባድ ወንድሙ ከዲዩቴሪየም (ከትሪቲየም ከሚቀለው) አሥር እጥፍ በቀለለ ሁኔታ የሚያሳልፈው ግራፊን መሆኑን አሳይቷል። አንድ ቀን ለትሪቲየም ወንፊት ይሆን ይሆናል። እኔን ግን ባሕር ውስጥ ከገባው ይልቅ ግቢው ውስጥ የቀረው ነው የሚያሳስበኝ።

እኛ አገር የኑክሌር ማመንጫ የለም። የውሃችን ችግር ሌላ ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ እሱንም በአጥንት ከሰል ለመያዝ ተሞክሯል። ቢሆንም በቅርቡ ማመንጫ የመገንባት ወሬ በይፋ ሲነሳ፣ ኮመንት ላይ የሚጨቃጨቀው ሁሉ ስንት ሜጋዋት ነው የሚል ነበር። እኔ አንድ ኮመንት ጽፌ ነበር። ሁለት ላይክ አገኘ፤ አንዱ የወንድሜ ነው።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ወረቀት ጉዳይ ወደ ተማርኩበት ሄጄ ነበር። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። በቦታቸው ያገኘሁት ልጅ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ቁም ሳጥኑን ልየው ስለው ቁልፉን ሰጠኝ። ሃይላንዶቹ ሦስት ረድፍ ሆነዋል። የእኔ ከኋላ ነው፤ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል እንጂ ስሜ ይነበባል። ዱቄቱ እንደ ጥንቱ ጥቁር ነው። ሲዚየም ቢሆን ኖሮ እስካሁን ትንሽም ቢሆን ይቀንስ ነበር። ክሮሚየም ግን ግማሽ ዕድሜ የለውም፤ ያስቀመጥኩት ሁሉ አለ።

"የአንተ ነው?" አለኝ ልጁ። "ይዘኸው ትሄዳለህ?"

የት እንደምወስደው ትንሽ አሰብኩ። ቤቴን አሰብኩ፣ የሰፈራችንን የቆሻሻ ገንዳ አሰብኩ። ከዚያ ከፊት ያሉትን ጠርሙሶች ገፋ ገፋ አድርጌ ወደ ቦታው መለስኩት፤ ስሜ ያለበትን ጎን ወደ ግድግዳው አዙሬ።